ከእግር ሥራ በኋላ የዞረ መሪን ወደ መሃል መመለስ

ሾክ አብዞርበር፣ ሎወር አርም (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ)፣ ቴስቲና (ጎማውን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያያዘው ባለ ኳስ ጫፍ) ወይም ቡሽ (የክንዱ ላስቲክ) ተቀይሮለት ከጋራዥ የወጣ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ችግሩ መፍትሔው ላይ ነው። ብዙ ቦታ መሪው ይነቀላል፣ ቀጥ ተደርጎ ይታሰራል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ የፊት ጎማዎቹ ጠርዝ ተበልቶ ሽቦው ይታያል። መሪው የዞረው ከታች ያለው ነገር ስለተዛባ ነው፤ ሥራውም ከታች፣ ራክ ኤንዱ ላይ ነው፤ ይህ ከስቲሪንግ ራኩ ወጥቶ ቴስቲናው ውስጥ በጥርስ የሚገባው ዘንግ ነው።

መሪን መንቀል የማይመከርበት ምክንያት ብዙ ነው። የመሪው ዘንግ ጥርስ አለው፤ በአብዛኞቹ ቶዮታዎች ጥርሱ 36 ስለሆነ በአንድ ጥርስ ብታሳልፉት 10 ዲግሪ ይዞራል። ከዚያ ያነሰ ማስተካከያ የለም። 4 ዲግሪ የዞረውን መሪ በአንድ ጥርስ የሚያሳልፍ ሰው 6 ዲግሪ ወደ ሌላኛው ጎን አዞረው ማለት ነው። የመሪውን ዙር ወደ ግራና ቀኝ ግፊት የሚቀይረው ስቲሪንግ ራኩም ከመሃል እንደወጣ ይቀራል፤ መኪናው ወደ አንዱ ጎን በደንብ እየታጠፈ ወደ ሌላው ቶሎ ይገታል። በመሪው ስር ያለው ስፓይራል ኬብል፣ ማለትም ለክላክስና ለኤርባግ መብራት የሚያደርሰው ጥቅል ሽቦ፣ ሳይታወቅ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ደግሞ መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር ይበጠሳል፤ ክላክስም ኤርባግም አብረው ይሞታሉ።

መሪ መንቀል ትክክል የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ነቅሎ በተሳሳተ ጥርስ ያሰረው ከሆነ። ይህን ለማወቅ የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አንስታችሁ በስታንድ ላይ አስቀምጡ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ቀስ ብላችሁ እስከ ግራው ጫፍ አዙሩ፣ አናቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ እስከ ቀኙ ጫፍ እየቆጠራችሁ መልሱ። 3 ዙር ከሆነ በ1 ዙር ተኩል ላይ ራኩ መሃል ነው። እዚያ ላይ መሪው ቀጥ ካለ ማንም አልነካውም፤ ሥራችሁ ከታች ነው። እዚያ ላይ በ10 ወይም በ20 ዲግሪ ከዞረ ግን ተነቅሎ ነበር። ያኔ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ኤርባጉን ከመንካታችሁ በፊት ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ፣ መሪውን ወደ ትክክለኛው ጥርስ መልሱ። መሪው 45 ወይም 90 ዲግሪ ያህል ከዞረ ደግሞ ራኩ ወርዶ ሲመለስ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ በተሳሳተ ጥርስ ገብቷል ማለት ነው። ራክ ከመውረዱ በፊት መገጣጠሚያው ላይ በቀለም ምልክት ማድረግና መሪውን በሾፌሩ ቀበቶ ማሰር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቀጥሎ መሪው ነው የዞረው ወይስ መኪናው ይጎትታል የሚለውን ለዩ። ሁለቱ ተመሳስለው ይቀርባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። እጃችሁን ከመሪው ስታላሉ መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደና መሪው ብቻ ከዞረ ጉዳዩ የማስተካከል ነው። እጃችሁን ስታላሉ ወደ ጎን ካመራ ይጎትታል፤ ራክ ኤንድ በማዞር አይድንም። የጎማ ነፋስ ይታይ፤ ልኩ የሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ ተለጥፏል። የፊቱን ግራና ቀኝ ጎማ አቀያይሩ፤ መጎተቱ ጎኑን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ከነዳችሁ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብቻ ወደ ጎን የሚሄድ መኪናም መጀመሪያ የሚታየው ፍሬኑ፣ ቀጥሎ የሎወር አርሙ ቡሽ ነው።

መንገዱም ያታልላል። አስፋልት ውኃ እንዲያፈስ ከመሃል ወደ ዳር ያዘነብላል፤ እኛ የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ ማንኛውም ደህና መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ ይወርዳል፣ ሾፌሩም ሳያስበው መሪውን ወደ ግራ ይይዛል። ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም ወይም ከእንጅባራ ዳንግላ እየነዱ መሪው 2 ዲግሪ ወደ ግራ ነው ብሎ ማስተካከል ልፋት ነው። ሰፊና ለጥ ያለ ግቢ ፈልጉ፤ ጭር ባለ ሰዓት መናኸሪያ ወይም የመጋዘን ግቢ ይበቃል። በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ኮብልስቶን ላይ አትሞክሩት።

ከመለካታችሁ በፊት የላላ ነገር እንዳይኖር። ጎማውን አንስታችሁ በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከላላ ቴስቲና ወይም ራክ ኤንድ ነው። ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከላላ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው። በላላ ቴስቲና ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ቀጣዩ ጉድጓድ ድረስ ነው። ክረምት በጠጠርና በጭቃ የሚመላለስ መኪና ደግሞ የቴስቲናው ላስቲክ ተቀዶ አሸዋ ስለሚገባበት አዲስ መስሎ ላልቶ ይገኛል፤ ላስቲኩን በእጅ ዳሱት።

የሎወር አርም ቡሽ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የቡሹ ዋና ብሎን መጨረሻ ጥብቀቱ መደረግ ያለበት መኪናው በራሱ ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀራል፤ መኪናው አንዱ ጎን ከፍ ይላል፣ መሪውም በየቀኑ ትንሽ ይቀያየራል፣ ቡሹም ቶሎ ይቀደዳል። ከተጠራጠራችሁ ብሎኑን ሳታወጡ አላሉት፣ መኪናውን ፊትና ኋላ ገፋ ገፋ አድርጉት፣ እንደቆመ አጥብቁት። አንዳንዴ መሪው በዚህ ብቻ ይመለሳል።

ሾክ አብዞርበር ብቻ ተቀይሮ መሪ የሚዞርበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በቪትዝና በኮሮላ ዓይነቶቹ ላይ ሾኩ ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚታሰረው በ2 ብሎን ሲሆን ቀዳዳው ላይ ትንሽ ክፍተት አለ። አንዱ ጎን ተጎትቶ ሌላው ተገፍቶ ከታሰረ የጎማዎቹ ዘመም ማለት ይለያያል፤ ይህ ደግሞ ቴስቲናውን ስቦ አቅጣጫቸውን ይቀይራል። ስትገጥሙ ሁለቱንም ጎኖች በአንድ አቅጣጫ ገፍታችሁ እሰሩ።

የኋላውን አትርሱ። በሁለቱም ጎን ከፊት ጎማ ማዕከል እስከ ኋላ ጎማ ማዕከል በሜትር ለኩ። ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ምንም አይደለም፤ ከ1 ሳንቲሜትር ካለፈ አንድ ነገር ተጣሟል ወይም ተንሸራቷል። የኋላው አክስል ወደ ጎን ካየ መኪናው አግድም ይሄዳል፤ ፊቱን የቱንም ያህል ብታስተካክሉ መሪው ቀጥ አይልም።

አሁን ልኬቱ። ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ በመሪው አናትና በዳሽቦርዱ ሽፋን ላይ አንድ መስመር ላይ የሚገኙ 2 የፕላስተር ምልክቶች አድርጉ፤ ረዳት ቢያደርገው ይሻላል። ቁሙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ሁለቱ ምልክቶች ምን ያህል እንደተራራቁ በመሪው ዙሪያ በሜትር ለኩ። 37 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መሪ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ አንድ ዲግሪ ነው፤ 4 ሳንቲሜትር ወደ 12 ዲግሪ ይሆናል።

ቶ የሚባለውን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ከፊት የሚጠቡበትን ወይም የሚሰፉበትን መጠን፣ አብራችሁ ለኩ። የሁለቱን ጎማ መሃል በጠመኔ አቅልሙ፣ ጎማውን አንስታችሁ እያዞራችሁ በምስማር ዙሪያውን ቀጭን መስመር ጫሩ። መኪናውን አውርዱት፣ ጥቂት ሜትር ወደፊት ግፉት፤ ከክሪክ የወረደ እግር ሳይንከባለል ቦታውን አይይዝም። መስመሮቹ በስተኋላ በማዕከሉ ከፍታ ያላቸውን ርቀት ለኩ፣ ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር ወደፊት ብቻ ግፉ፣ በፊት በኩል በዚያው ከፍታ ለኩ። የኋላው ከፊቱ በ1 ሚሊሜትር ከበለጠ 1 ሚሊሜትር ቶ ኢን ነው፤ ከፊት ከሰፋ ቶ አውት ነው። ለብዙዎቹ ትንንሽ በፊት ጎማ የሚሳቡ መኪኖች ከ0 እስከ 2 ሚሊሜትር ቶ ኢን ደህና ነው፤ የመኪናችሁ መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ።

ሁለቱን ልኬቶች የምፈልጋቸው አብረው ስለሚናገሩ ነው። የራክ ኤንድ ጥርስ እርምጃው፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ዙር የሚሄደው፣ ብዙ ጊዜ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ በትንሽ መኪና ላይ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ሙሉ ዙር ብታዞሩ፣ አንዱን አሳጥራችሁ ሌላውን አስረዝማችሁ፣ መሪው በ12 ዲግሪ ገደማ ይመለሳል፣ ቶ አይነካም። አንድ ጎን ብቻ አንድ ዙር ብታዞሩ ግን መሪው የሚመለሰው በግማሹ፣ በ6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ሲንከባለል ሁለቱ ጎማዎች ስህተቱን እኩል ይካፈሉታል። ቶው ደግሞ በ7 ሚሊሜትር ገደማ ይቀየራል። እንግዲህ ቶው ልክ ሆኖ መሪው ብቻ ከዞረ ሁለቱንም ጎን አዙሩ። ቶው ከተበላሸና አንድ ጎን ብቻ ቴስቲና ተቀይሮ ከነበረ ስህተቱ ያለው እዚያው ጎን ነው፤ ሌላውን ሳትነኩ እሱን ብቻ መልሱ፣ መሪውም ቶውም አብረው ይስተካከላሉ። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም ጎን የሚያዞር ሰው መሪውን አቃንቶ ቶውን እንደተበላሸ ይተወዋል፤ ጎማ የሚበላው ያ ነው።

አቅጣጫው ላይ ሁሉም ይምታታበታል። መጀመሪያ ቴስቲናው ከጎማው ማዕከል በስተኋላ ነው ወይስ በስተፊት የሚለውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በስተኋላ ከሆነ፣ ቀጥ ስትነዱ ወደ ግራ የሚዞር መሪ የሚስተካከለው ግራውን በማሳጠርና ቀኙን በማስረዘም ነው። ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ ተገላቢጦሽ። ቴስቲናው በስተፊት ከሆነ ሁሉንም ገልብጡት። የሁለቱም ጎን ጥርስ የተለመደው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቀው የቀኝ ጥርስ ከሆነ ሥራውን የሚያቀል ዘዴ አለ፦ ሁለቱንም ራክ ኤንዶች አናታቸው ወደ መኪናው ፊት እንዲሄድ ብታዞሩ ግራው ያጥራል፣ ቀኙ ይረዝማል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እኩል ዙር፤ ማሰብ አያስፈልግም። በአንዳንድ መኪኖች አንዱ ጎን የግራ ጥርስ ስለሚሆን ሩብ ዙር አዙራችሁ የሚታየው ጥርስ መርዘሙን ወይም ማጠሩን አረጋግጡ።

ከማዞራችሁ በፊት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ የዝገት ማላቀቂያ ደብሊው ዲ 40 ንፉበትና ጊዜ ስጡት። የቴስቲናውን መቆለፊያ ዳዶ ያለበት ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። ቴስቲናውን በአንድ ቁልፍ ያዙ፣ ዳዶውን በሌላው አላሉ፤ ብዙ ጊዜ 19 ወይም 22 ቁልፍ ነው። ቴስቲናው ካልተያዘ ኃይሉ በሙሉ ኳሱ ላይ ያርፋል። የራኩን የላስቲክ ሽፋን ትንሹን ማሰሪያ በፒንሳ ፍቱት፣ ላስቲኩም ራክ ኤንዱ ላይ እንዳይጣበቅ ግራሶ ቀቡት። ካልፈታችሁት ላስቲኩ አብሮ ይጠማዘዛል፣ ይቀደዳል፣ ራኩ ውስጥ ጭቃ ይገባል፤ ከዚያ የአንድ ላስቲክ ዋጋ የአንድ ራክ ዋጋ ይሆናል።

በሩብ ዙር እየሄዳችሁ በሁለቱም ጎን እኩል አዙሩ። ዳዶውን ስታጠብቁ ቴስቲናው ዘመም እንዳይል መሃል ላይ ያዙት፤ በቪትዝና በኮሮላ ዓይነቶቹ ጥብቀቱ 74 ኒውተን ሜትር ነው። ሲጨርሱ የሚታየው የጥርስ ርዝመት በግራና በቀኝ ይለካ። ቶዮታ በሁለቱ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 1.5 ሚሊሜትር ነው። መሪው ቀጥ ብሎ፣ ቶውም ልክ ሆኖ፣ ጥርሱ ግን በ5 ወይም በ6 ሚሊሜትር ከተለያየ የተጣመመ ሎወር አርም፣ የተንሸራተተ የሞተር መሸከሚያ ፍሬም ወይም የሌላ መኪና ቴስቲና አለ፤ እንደገና ከማዞር እሱን ፈልጉ። ጥርሱ ቴስቲናው ውስጥ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል ካልገባ ደግሞ መኪናውን አትንዱት።

ባልስትራ ያለው አይሱዙና ፊቱ ድፍን አክስል የሆነው ላንድ ክሩዘር 70 ሥራቸው ሌላ ነው፤ ቀላልም ነው። እነዚህ ላይ ሁለት ዘንጎች አሉ። አንዱ ግራና ቀኝ ጎማን ያገናኛል፤ ቶ የሚስተካከለው በእሱ ነው። ሌላው ከመሪ ሳጥኑ ክንድ ወደ ጎማው ይሄዳል፤ መሪው የሚስተካከለው በእሱ ብቻ ነው። መሪው ከዞረ ሁለተኛውን አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ፤ ቶው አይነካም። ማስተካከያ ባለው ዘንግ ላይ አንዱ ጫፍ የቀኝ፣ ሌላው የግራ ጥርስ ስለሆነ ዘንጉን ወይም እጅጌውን ማዞር ይበቃል። ማሰሪያ ብሎኖቹን ስታጠብቁ መሪው እስከ ሁለቱም ጫፍ ሲዞር ባልስትራውን ወይም ሻንሲውን እንዳይነኩ እዩ። የመሪ ሳጥን መሃሉ ላይ ሆን ተብሎ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መሪው ከመሃል ወጥቶ ከተነዳ ሳጥኑ በላላው ክፍል ስለሚሠራ መኪናው መንገድ ላይ ይዋልላል፣ ሳጥን አልቋል ተብሎም ያለጥፋቱ ይቀየራል።

ከቡሬ በቆሎ ጭኖ የሚመላለስ አይሱዙ መሪው በድንገት ከዞረ ቀድሞ የሚታየው የባልስትራው መሃል ብሎን ነው። እሱ ሲበጠስ አክስሉ በአንድ ጎን ወደኋላ ይሸሻል። ይህ መኪና ሊነዳ አይገባውም፤ ዘንግ በማስረዘም መደበቅም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። አዲስ ባልስትራ ከተገጠመ ደግሞ በጭነት ጥቂት እስኪረግብ ጠብቃችሁ መሪውን አስተካክሉ። ላንድ ክሩዘር ከፍ ከተደረገ ዘንጉ ይበልጥ ስለሚያዘነብል መሪው ይዞራል፤ ፊቱ በባልስትራ ሳይሆን በሞላ (በጥቅል ስፕሪንግ) ከሆነ አክስሉም ወደ ጎን ይሸሻል፤ ያንን የሚመልሰው የጎን ዘንጉ ነው።

አዲሶቹ መኪኖች ላይ መሪው ከተስተካከለ በኋላ የመንሸራተት መከላከያው መብራት በርቶ ሊቀር ይችላል። የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩ የድሮውን መሃል ስለሚያስታውስ በስካነር ዜሮ መደረግ አለበት፤ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ።

የጎማ አቅጣጫ የሚለካው አላይመንት ማሽን ላይ የምትወጡ ከሆነ ከሠራተኛው አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሞተሩ እየሠራ መሪውን ግራና ቀኝ ወዝውዞ መሃል ላይ እንዲያቆመው፣ ከዚያ በመሪ መያዣ አስሮ ጎማ ጎማውን ለየብቻ ወደ ልኩ እንዲያመጣ። ወረቀቱ ላይ ጠቅላላ ቶው አረንጓዴ ሆኖ የግራውና የቀኙ ለየብቻ ከተለያዩ መሪው ዞሮ ይወጣል፤ የኋላው አቅጣጫ ቀይ ከሆነም እንዲሁ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ከሠራተኛው ጋር ዞር ዞር በሉበት። ከ200 ወይም ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱን መቆለፊያ ዳዶዎች በቁልፍ ፈትሹ፣ የቀለም ምልክቱም እንዳልተንቀሳቀሰ እዩ።